የሞተ ጥጥ

«ይህ ሙያ ከባለሙያው ጋር አብሮ ሞቷል።»

መርፌ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያላለቀ ፍራሽ ላይ ተንበርክካ፣ ክር በጥርሷ ነክሳ ሳለች ነው። የተናገረው ታናሽ ወንድሟ ነው። የሚነግራቸው ከትልቁ ከተማ በአውቶቡስ ለመጡ አሥራ አንድ ጎብኚዎች ነው። የቆሙበት ክፍል ደግሞ የአባታቸው ሱቅ፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትልበት የኖረችው የፊት ክፍል ነው። ሰው የገዛ መርዶውን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም፤ እሷ ክሩን ከጥርሷ ሳታወጣ አዳመጠች። የወንድሟ ድምፅ ያምራል። የጥጡን አመራረጥ፣ የጥጥ መንደፊያውን ደጋን አሠራር፣ የአባታቸውን የጣት ጥንካሬ አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣ ያቺን አንዲት ነገር ባይጨምርባት ኖሮ እሷም ደስ ብሏት ትሰማው ነበር። ከሰዎቹ አንዷ፣ ቅድም ከጓዳ በኩል የሚደበደብ ነገር ሰምቻለሁ፣ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የፍራሹን ጠርዝ በእንጨት ስትደበድብ የነበረችው መርፌ ናት። ወንድሟ «ጎረቤት ነው» አለ። ሰዎቹም ጎረቤት መሆኑን አምነው ፎቶ ማንሣታቸውን ቀጠሉ።

መርፌ የሚሏት ቅጥነቷንም ምላሷንም አይተው ነው። የወጣላትን ስም ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት። ከአንድ ወር ወዲህ እንዲህ ናት፤ ደክሟታል። ያደከማት ሥራው አይደለም፤ ሥራውን መደበቁ ነው። ጠዋት ከአራት ሰዓት እስከ አምስት፣ ከሰዓት በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ጎብኚ ስለሚመጣ ድምፅ እንዳታሰሚ ተብላለች። ደጋን ደግሞ ያለ ድምፅ አይሠራም። ጅማቱ ተመትቶ ካልጮኸ ጥጡ አይንቀጠቀጥም፣ ካልተንቀጠቀጠ አይነፋም፣ ያልተነፋ ጥጥ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የገባ አሸዋ ማለት ነው። ስለዚህ ነደፋውን ሰዎቹ በሌሉበት ሰዓት ትጨርስና በጉብኝት ሰዓት ስፌት ትይዛለች። ጓዳው ግን ለሥራ አይሆንም። መስኮቱ የባርኔጣ ያህል ነው፤ ግድግዳው ከወገብ በታች ያልበዋል፤ ጥጥ ሦስት ቀን ካደረበት እንደ እርጥብ ፎጣ ይከብዳል። የእንጨት ወለልና የቀን ብርሃን ያለው የፊቱ ክፍል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ጠርገው፣ ኖራ ቀብተው፣ ያባቷን ደጋን የማንም እጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ በሁለት ምስማር ሰቀሉት። መሐል ላይ ገመድ ወጠሩ። ከሌላ ቤት ፋኖስ አምጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን በኤሌክትሪክ መብራት ነው የሠሩት፤ ፋኖሱ ግን ለፎቶ ያምራል ተባለ።

ነገሩ ሲጀመር የምሥራች ነበር። የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ የተከፈተ ጊዜ ኃላፊው ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ፣ ትንሽ ከተማ የምታድገው እንግዳ ሲገባባት ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳቦ ጋጋሪውም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ፍራሽ ሰፊዋም ይጠቀማሉ ብሎ ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ ያለው እሷን አይቶ ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጨበጨበች። ከዚያ እንግዳው መጣ። መጣ ማለት አውቶቡሱ መጣ። ሰዎቹ ውኃቸውን ይዘው፣ ምሳቸውን በካርቶን አሳሽገው፣ የፀሐይ ጥላቸውን እንኳ ከዚያው ገዝተው መጡና፣ መንገዱን ወጥተው ወርደው፣ ሽንት ቤት የት ነው ብለው ጠይቀው ሄዱ። የሚያድሩትን ጥቂቶች የምትቀበለው ባለ ፔንሲዮኗ ናት፤ እሷም አሥራ አራት ክፍሏን ሠርታ ስትጨርስ አሥራ አራቱንም ስፖንጅ ፍራሽ ከትልቁ ከተማ በጭነት መኪና አስመጣች። መርፌ መኪናው ሲራገፍ በሯ ላይ ቆማ ቆጠረች። ሲጨርሱ ገብታ በሯን ዘጋች።

ስፖንጅ ግን ስፖንጅ ነው። በሦስት ወሩ መሐሉ ጎደጎደ፤ እንግዶች ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ደረጃ ሲወርዱ ባለ ፔንሲዮኗን ሐሳብ ያዛት። ባለፈው ሳምንት በጓሮ በር ብቅ ብላ፣ አንድ የጥጥ ፍራሽ፣ ባለ ሁለት ሰው፣ ለሐሙስ እንድታደርስላት አዘዘች። ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባልና ሚስት እንግዶች ይገባሉ፤ ባልዬው ወገቡን የታመመ ነው፤ እሱን አስተኝቼ ካመሰገነልኝ የቀሩትን የአሥራ ሦስቱን ክፍል ፍራሽም ላንቺ እሰጥሻለሁ አለቻት። ስፖንጁ የመጣው በሦስት ሺህ ነው፤ የመርፌ ፍራሽ አራት ሺህ ተኩል ነው። ባለ ፔንሲዮኗ ሺህ አምስት መቶውን ከንፈሯን እያላመጠች ካሰበች በኋላ፣ «እንግዲህ ወገብ ከሺህ አምስት መቶ ይበልጣል» ብላ ተስማማች። አሥራ ሦስት ፍራሽ ማለት ለመርፌ ዓመቱን የሚያጋምስ ሥራ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨበችለት ነገር መጨረሻ ላይ በጓሮ በር መጣላት ማለት ነው። ነገር ግን አሥራ ሦስት ፍራሽ በሚያልብ ግድግዳ መሐል አይሰፋም። የፊቱ ክፍል ከሌለ ሥራውም የለም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጎብኚዎቹ እንደሄዱ ሦስቱ ምሳ ቀረቡ፤ እሷ፣ ወንድሟና የወንድሟ ሚስት። ወንድሟ ዓይኗን ሸሽቶ ገበታው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በጣቱ ይለቅማል። አውቶቡስ መናኸሪያ አሥራ ስድስት ዓመት ቲኬት የቆረጠ ሰው ነው፤ ቲኬቱ በስልክ ሲሆን ሁለት ዓመት ቤት ዋለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ለድምፁ ሲል አስጎብኚ አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ጫማውን ጠርጎ ነው የሚወጣው። መርፌ ይህን ታውቃለች፤ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ «ጎረቤቷ መጣሁ» ያላለችውም ለዚህ ነው። ሾርባው ከመቅረቡ በፊት ቤቱን በቅርስነት የሚያስመዘግብ አንድ ወረቀት ከሳሕኗ አጠገብ አኖረላት። ቤቱ የሁለቱ ውርስ ስለሆነ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የሱ አለ፣ የሷ ቀርቷል፤ ኃላፊው ዛሬ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ይፈልገዋል። ነገ ጠዋት የቅርስ ሰሌዳ በሩ ላይ ይተከላል፤ ክፍሉም ከጉብኝት ሰዓት በቀር ይቆለፋል። በለውጡ ጽሕፈት ቤቱ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያድሳል። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ አልጋዋ ላይ ስለሚያፈስባት ነው። «እትዬ፣ የኔ ድስቶች እኮ ከምግብ ይልቅ የዝናብ ውኃ ነው የሚያውቁት» አለች፤ ሳቅ ለማድረግ ሞከረች፣ ማንም አልሳቀላትም።

መርፌ ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ ማንም እንዲያነብላት ግን አትፈቅድም። ሾርባው እየቀዘቀዘ መስመር በመስመር ቀስ ብላ ወረደች። የቤቱ ቁጥር። የቤቱ ዕድሜ። «የሙያው ይዞታ፦ የጠፋ።» ከሥሩ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቃል አለ፦ ባለሙያው በሕይወት ሳሉ ለጽሕፈት ቤታችን በሰጡት ቃል «ሥራው ሞቷል፤ ልጄ ታነሣዋለች» በማለት የሙያቸውን መጥፋትና ልጃቸው አንድ ቀን ታነሣዋለች የሚለውን ተስፋቸውን በሐዘን ገልጸዋል። ጣቷን ወደ ላይ መልሳ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ሳቀች። ከአንድ ወር ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደንግጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ፍራሽ ሰፊ ቤት ያላደገ ሰው ይህን አያውቅም። በነሱ ቤት ፍራሽ ፍራሽ አይባልም፤ «ሥራ» ነው የሚባለው፦ የነርሷ ሥራ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሥራ። ተኝተውበት ተኝተውበት የተጠቀጠቀ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥጥ ደግሞ «ሞተ» ይባላል። እሱን ተርትሮ፣ በትኖ፣ ነድፎ እንደገና ማናፋት «ማንሣት» ነው። አባታቸው ማታ ማታ እጃቸውን ሲታጠቡ «ዛሬ ሁለት ሙት አነሣሁ» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ልጆቹ ሰምተው ሰምተው መሳቁንም ትተውት ነበር። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ልጅ ቃላቸውን ሊቀዳ ድምፅ መቅጃ ይዞ የመጣ ቀን መርፌ መቀስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ጉልበታቸው ሥር የተዘረጋውን የፀጉር አስተካካዩን ፍራሽ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ሥራው ሞቷል፤ ልጄ ታነሣዋለች» አሉ። አነሣችውም፤ በማግሥቱ ከምሳ በፊት ጨርሳ። ፀጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ ይተኛበታል። ልጁ ግን ቃሉን ይዞ ሄዶ ኑዛዜ አደረገው።

ሳቋ ሲያልቅ አንድ ነገር ታያት። የዚያን ቀን ወንድሟም እዚያው ነበር፤ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ሲያስረዳ የዋለ እሱ ነው። ያደገውም እዚሁ ቤት፣ ያንኑ የሙት ቀልድ እየሰማ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

ወንድሟ ዳቦውን ቆረሰ፤ አልበላውም። ሚስቱ ዓይኗን ሳሕኗ ላይ ተከለች።

«አልጠፋኝም» አለ። «ግን ያልጠፋ ሙያ ከተባለ ወደ ንግድ ቢሮ ነው የሚመራው፣ እትዬ። ለንግድ ጣሪያ አይሠሩም። ጣሪያ የሚሠሩት ለጠፋ ነው።»

«እኔ መቼ ጠፋሁ?»

«አልጠፋሽም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ግን ስድብም ጉልበት ይፈልጋል። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ነጠላ ጫማዋን በሌላው ቀይራ ወጣች።

መንገዱ ላይ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ተቀብተዋል። ቀለሙን ጽሕፈት ቤቱ ሰጠ፤ መቀቢያው ግን የባለቤቱ ነው ተባለ። ባለ ሱቁ ስኳርና ሳሙናውን ወደ ኋላ ገፍቶ ፖስት ካርድ ደርድሯል፤ ፖስት ካርዱ ላይ ያለው የራሱ ሱቅ ነው፣ ስኳርና ሳሙናው ከፊት ሳለ የተነሣ። ልብስ አጣቢዋ ቤት ለቃለች። ኪራዩ ስምንት መቶ የነበረው አንድ ክፍል ሁለት ሺህ ገብቷል፤ ምነው ሲባል ቤቱ አሮጌ ነው ይላሉ፤ ቤቱ ግን ድሮም አሮጌ ነበር፣ ያኔ የሚያስቀንስ ነበር እንጂ የሚያስጨምር አልነበረም። ጫማ ጠጋኙ ከጥላው ሥር ሆኖ «መርፌ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትወጊ ነው?» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም። እጇን ብቻ አነሣችለትና አለፈች፤ ጫማ ጠጋኙ ታማ ይሆን ብሎ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

ጽሕፈት ቤቱ ከባንኩ በላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ፔርሙስ፣ ግድግዳው ላይ የነሱ መንገድ ትልቅ ፎቶ፤ በፎቶው ላይ ሰው የለም። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣት፣ ውኃ ቀዳላት፣ «እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። ነገሩን ከሥሩ ነገረችው፤ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሞተ ማለት፣ ማንሣት ማለት፣ የፀጉር አስተካካዩ ፍራሽ እስከ ዛሬ እንዳለ፣ እሷም እንዳለች። ኃላፊው ሲሰማ ዓይኑ በራ። ብዕር አነሣ። እንዲህ ያለ ቃል እኮ ራሱን የቻለ ቅርስ ነው፣ እባክዎን ቀስ ብለው ይንገሩኝ አለና «ሥራ»፣ «ሞተ»፣ «ማንሣት» ብሎ በደብተሩ ላይ ጻፈ። ሲጽፍ እየተደሰተ ነው። መርፌም ነገሩ የተሳካ መስሏት ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

የቀረው ግን አልተሳካም። ዝርዝሩ ወደ በላይ አካል ከሄደ ወር አልፎታል፤ በጀቱ የተፈቀደው ለጠፉ ሙያዎች ነው፤ ያልጠፋ ሙያ ከተባለ ቤቱ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ጣሪያውም አብሮ። እሱ አንድ ቃል መቀየር አይችልም፤ ቢችል ደስታው ነበር። ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ትንሽ አሰበና ፊቱ እንደገና ፈካ። ለምን ራሳቸው እትዬ አያሳዩም? እዚያው፣ ከገመዱ ወዲያ፣ በአባታቸው ቦታ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አራት ሰዓትና አሥር ሰዓት። ሰው የጠፋ ሙያ በዓይኑ ሲያይ ያስቡት። በወር ሦስት ሺህ ይከፈላቸዋል፣ «ሙያ አሳይ» ተብለው። ሦስት ሺህ ከአንዳንድ ወሯ ገቢ ይበልጣል። መርፌ ገንዘቡን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ፍራሹ ሲያልቅስ? ለማን ይሸጣል?»

«ኧረ መሸጥ የለም፣ እትዬ። ቅርስ ቤት ውስጥ ንግድ አይፈቀድም። አያልቅም ደግሞ። ይተረትሩትና እንደገና ይጀምሩታል። ሰው ማየት የሚፈልገው ሲሠራ ነው፤ የተሠራውን ምን ያደርግለታል?»

«ይተኛበታላ» አለች።

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀችለት፤ ወጣቱ አሳዘናት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እዚሁ ነኝ፣ ተፈርሞ ይምጣልኝ ብሎ እስከ ደረጃው ሸኛት።

ተመልሳ ስትሄድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ሸፍቶ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ሊደፍን አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ጉልበቷ ስትነሣ ይጮኻል፣ ስትቀመጥም ይጮኻል። ጥጥ በጆንያ መሸከም የለም፤ ደንበኛ ደጅ መጥናት የለም፤ ደረቅ ክፍል፣ የታደሰ ጣሪያ፣ በወር በወሩ ሦስት ሺህ። ወንድሟም በሥራው ይቆያል፣ ሚስቱም ድስቷን መልሳ ታገኛለች። ማንም አይጎዳም። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይህንኑ እያሰበች ተራመደች፤ ብትፈርም አይፈረድባትም። ቤት ስትደርስ ወንድሟ በደጃፉ ቆሞ የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ ይጠብቃል። ምን አሉሽ አላላትም፤ እሷም አልነገረችውም። በጎኑ አልፋ በጓሮ ገባች።

ከፍራሹ አሥራ አንድ ቋጠሮ ብቻ ነበር የቀረው። ረጅሙን መርፌ ከላይ ወደ ታች አሳልፋ፣ ከሥር መልሳ አውጥታ፣ ክሩን በሁለት እጇ ስትስብ ጥጡ ከጨርቁ ሥር ጎድጎድ ብሎ በዙሪያው ይነሣል። አንዱን ቋጠረች፤ ሁለተኛውን። አምስተኛው ላይ ስትደርስ፣ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ነገ አሥር ሰዓት ላይ ስትፈታው ራሷን ለማየት ሞከረች። ልትቆርጠው መቀሱን ስታስገባ፣ ጥጡን ስትበትን፣ ከነገ ወዲያ አራት ሰዓት ላይ ያንኑ ጥጥ ስትነድፍ። ስንት ጊዜ ቢነደፍ ነው ዱቄት የሚሆነው? ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አይተኛበትም። ድካም ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ደክማለች፤ ግን ሁልጊዜ በድካሟ ማዶ ወገቡን የሚያሳርፍ አንድ ሰው ነበር፣ አንዳንዴ ስሙን የማታውቀው። ከወዲያ ማዶ ሰው የሌለበት ድካም ምን እንደሚባል አላወቀችም። የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥራ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጥሩ ሥራ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የሞላ።

አውቶቡሱ ሲቆም ሰማች። ፍራሹ ባለ ሁለት ሰው ነው፤ በጓሮ በር አይወጣም፣ የወጣም የለም። በፊት በር ነው የሚወጣው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብትጠብቅ ሰዎቹ ይሄዳሉ፤ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ፔንሲዮኑ ጋ ለመድረስ ይበቃል። መጠበቅ ትችል ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ለመጠበቅ ተቀመጠችም። የወንድሟ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ከጥጡ ጀመረ፤ ወደ ደጋኑ ሄደ፤ ከደጋኑ ወደ አባታቸው ጣት ሄደ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቀው ተነሣች።

መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ፣ ፍራሹን በጎኑ አቁማ እየጎተተች ገባች። «ይህ ሙያ» ብሎ የጀመረው ወንድሟ እዚያው ላይ ቆመ። ዘጠኝ ሰዎች ዞር አሉ። አንድ ሰው የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ ሁለት ሌሎች ተከተሉት፤ ከዚያ የሷን ፊት ሲያዩ ተዉት። እሷ ማንንም አላየችም፤ ፍራሹን እየገፋች እስከ ገመዱ መጣች፤ ገመዱ ሆዷ ላይ ሲደርስ ቆመች። አንዲት ጎብኚ ጠጋ ብላ ጨርቁን በመዳፏ ጫን አደረገች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ጫን አደረገች። ስንት ነው አለች። «አራት ሺህ ተኩል፤ ይሄ ግን ሰው አለው» አለች መርፌ። ከኋላ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ወንድሟን ተመለከተው። በክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«ሞቷል ልትለን የነበረው ይሄንን ነው?»

ወንድሟ ሽማግሌውን አየ፣ ምስማሩ ላይ ያለውን ደጋን አየ፣ በመጨረሻ እህቱን ከገመዱ ማዶ ቆማ፣ በአንድ እጇ ፍራሽ ደግፋ፣ በሌላው ላቧን ስትጠርግ አያት። ፊቱ እንደ ሕፃን ቀላ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከመንጠቆው አወለቀ፤ መሬት ላይ እንዳይረገጥ ጠቅልሎ መስኮቱ ላይ፣ ከፋኖሱ አጠገብ አኖረው። ዞሮ የፍራሹን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። ለሰዎቹ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይቅርታ፣ መንገድ ልቀቁልን» አለ።

መንገዱ ላይ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ጎብኚዎቹ ደጃፉ ላይ ወጥተው አዩአቸው፤ አንድ ሁለቱ ፎቶ አነሡ። ባለ ሱቁ ከፖስት ካርዱ ኋላ ብቅ አለ። ጫማ ጠጋኙ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ፣ የተጠረገ ጫማውን ተጫምቶ ፍራሽ የተሸከመውን አስጎብኚ አይቶ መልሶ ዘጋው። ከባንኩ ፊት ለፊት ሲደርሱ ሁለቱም ወደ ላይ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት፣ አላዩም።

«ወረቀቱስ?» አለ ከኋላ።

«ኪሴ ውስጥ ነው። አልፈርምም።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

«ጣሪያውስ?»

«አሥራ ሦስቱ ከተሳካልኝ አሠራዋለሁ። ካልተሳካ ያፈሳል።»

«እኔንስ ነገ ቢያባርሩኝ?»

ውሸት ልትነግረው ፈለገች፤ አፏ ላይ አልመጣላትም። «አላውቅም» አለች። እሱም ጫፉን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ፍራሹ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር።

ባለ ፔንሲዮኗ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ቅንድቧ ተነሣ፤ ግን ነገረኛ ሴት አይደለችም፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ክፍሉ ክፍት ነው፣ ስፖንጁን አውርጄዋለሁ ብላ ቁልፍ ፍለጋ ገባች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በላይ ጨለም ይላል። ፍራሹን ግድግዳ አስደግፈው ትንሽ ተነፈሱ። ወንድሟ በሸሚዙ እጅጌ ግንባሩን ጠረገ። ነጭ ጥጥ ትከሻው ላይ ተለጥፎበታል፤ አላየውም፣ እሷም አላነሣችለትም።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለ።

«ሦስተኛ።»

ደረጃውን ቀና ብሎ አየ። ፍራሽ በደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ከታች በያዘው ሰው ላይ ነው። ደንበኛ ሁልጊዜ ከላይ ይይዛል፤ ከአባቷ በኋላ ከታች የምትይዘው እሷ ናት። እንደ ልማዷ ወደ ታችኛው ጫፍ ስትዞር፣ እሱ ቀድሞ ደርሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ከሥሩ አስገብቷል።

«አንቺ ከላይ ያዢ» አለ።